ወንፊት ፓርት ቱ

ሃይደር የከሚሴ ልጅ ነው። አጎቱ ጋሽ ሙነወር ሾላ ገበያ ውስጥ ኮንጎ ጫማ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸውና «ቀን ታግዘኛለህ፣ ማታ ትማራለህ» ብለው በአሥራ ስድስት ዓመቱ አመጡት። ቀኑ ረዘመ፣ ማታው ጠፋ። አሥረኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሶ አሥራ አንደኛን ሳያጋምስ ተወው። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ይህ ነገር በሆነ ጊዜ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የሚያድረውም ያው በሱቁ ጓዳ፣ በጫማ ኬሻዎች መካከል ነው። ታጥቦ ተተኩሶ የለበሰው ሸሚዝ እንኳ አዲስ ፕላስቲክ ይሸት ነበር።

ጋሽ ሙነወር ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንድ ልጅ ግን አልወለዱምና የሱቁን ቁልፍ ገና በጉርምስናው በክር አድርገው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት፤ «ይህ ሁሉ ያንተ ነው» አሉት። እንዲህ ያለ ስጦታ እምቢ አይባልም። ሃይደር አንድ ሁለት ጊዜ ሹፍርና ልማር፣ ቦሌ ኤርፖርት ጫኝና አውራጅ ይፈልጋሉ አሉ ልሂድ፣ ብሎ ነበር። አጎቱ የሚመልሱት አንድ ነው።

«ከዚህ ሱቅ የማስወጣህ ለትምህርት ብቻ ነው። ነቢያችንም ዕውቀትን ፈልጉ ነው ያሉት፤ ሻንጣ ተሸከሙ አላሉም።»

ይህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ሃይደር ነው። እሑድ ግን ሌላ ሰው ነበር።

ከገበያው ጀርባ፣ ወደ መገናኛ በሚያወጣው ኮረኮንች ላይ፣ ገብረዋሕድ የሚባል ሰው የእህል መጋዘን የነበረን ቤት ቪዲዮ ቤት አድርጎት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል። የጤፍ ብናኝ ከጣሪያው ማገር ላይ ገና አልረገፈም፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በእኛ በተመልካቾቹ ራስ ላይ እንደ ዱቄት ይወርዳል። ከፊት ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ ከዚያ ወዲህ አግዳሚ ወንበሮች። ገብረዋሕድ ሳይከፍሉ ሾልከው የሚገቡ ሰዎች አስቸግረውት አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ፊልም ሲጀመር በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ፊልሙ ሳያልቅ አይከፍትም። ሽንቱ የመጣበት፣ ራሱን የዞረበት፣ አማቱን ከኋላ ወንበር ላይ አይቶ የደነገጠ፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። በሩን የሚደበድብ ሰው «ስትገባ አታስብም ነበር?» የሚል መልስ ከውጭ ይሰማል።

ፊልሙ እንግሊዝኛ፣ ገበያተኛው አማርኛ፤ በመካከላቸው ሃይደር ቆመ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቀጭን የባሕር ዛፍ ዱላ ይዞ፣ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚያደርገው እየጠቆመ ይተረጉማል። ሰው ሁሉ «ቲቸር» ይለው ጀመር። ውሎ አድሮ በሥራ ቀንም፣ በሱቁም ደጃፍ፣ ልጁን ጫማ ልታስለካ የመጣች እናት ሳትቀር «ቲቸር፣ ሠላሳ አራት ቁጥር አለ?» አለችው።

እውነቱን ለመናገር የሃይደር እንግሊዝኛ ከ«ማዘር»ና ከ«ፋዘር»፣ ከ«ከም ሂር»ና ከ«ሻት አፕ» ብዙም አያልፍም። የሥራው ምስጢር ሌላ ነው። ገብረዋሕድ እሑድ በጠዋት ካሴቱን ሲያመጣ ሃይደር ብቻውን ተቀምጦ አንድ ጊዜ ያየዋል። ማን ማንን እንደሚጠላ፣ ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚያለቅስ ይይዛል፤ የቀረውን ከራሱ ይሞላል። አሞላሉንስ ማን ይችለዋል! ሚስት ባሏን ስትቆጣ በሾላ በርበሬ ነጋዴ አፍ ነበር የምትቆጣው። ፖሊሱ እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር «ጉዳዩ ተጣርቶ ይገለጽላችኋል» ይል ነበር። ይህን ምስጢሩን እኛ እንደማናውቅ ያምን ነበርና እንዳይታወቅበት መፍራቱ ዕንቅልፍ ይነሣው ነበር።

ስሙን ከሾላ አሻግሮ እስከ ኮተቤ የወሰደው አንድ የፍርሃት ፊልም ነው። ነፍሰ ገዳዩ ንብ አርቢ ነው፤ ፊቱን በንብ አርቢ መረብ ሸፍኖ፣ ማጭድ ይዞ፣ ሰው ያጭዳል። ሃይደር «ጋሼ ወንፊት» አለው፤ ፊልሙም ወንፊት ተባለ። በመጨረሻው ላይ ሊንዳ የምትባለው ልጅ መረቡን ትገልጥና ፊቱን አይታ እያለቀሰች ረጅም ንግግር ትናገራለች። ሃይደር ከዚያ ሁሉ የሰማው «ማዘር» የምትለዋን ብቻ ነበር። ዱላውን ዝቅ አደረገና በተሰበረ ድምፅ እንዲህ ብሎ ተረጎመ።

«ወንድሜ! በልጅነትህ ጠፍተህ እናታችን ደጅ ደጁን እያየች የሞተችብህ፣ የእናቴ ልጅ፣ አንተ ነህን?»

ቤቱ አለቀሰ። በርበሬ ነጋዴዋ ሸሪፋ፣ ምላሷ ከምትሸጠው ሚጥሚጣ የማይተናነስ ሴት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ታየች። ከዚያ ወዲያ ወንፊት ሞተ፣ ተቀበረ፤ ሃይደርም አርባውን አወጣለት። ፊልሙ ያን ያህል የሚያስፈራና በደንብ የተሠራ ነበር፤ ከታየ በኋላ ለሳምንት ያህል ማር የሚገዛ ሰው ጠፍቶ ነበር ብትባሉ እመኑ።

መከራው የመጣው ከሸሪፋ በጎነት ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ አቶ ዓለምሰገድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ለጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ቤት ከፍተው ነበር። በርበሬ የሚገዙት ከሸሪፋ ነውና አንድ ቀን ጀማሪዎችን የሚያስተምርላቸው ትዕግሥተኛ ሰው እንዳጡ ሲያወሩ «ምነው እኛ ቲቸር አለልን አይደል!» አለቻቸው። በነጋታው አቶ ዓለምሰገድ በሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ካፖርታቸው በጋና ክረምት የማይለያቸው ሰው ነበሩ።

«አንተ ነህ ሃይደር?»

«አቤት ጋሼ።»

«ፈተና አልፈትንህም፤ በፈተና ሰው አይታወቅም። እሑድ መጥቼ ስትተረጉም እሰማሃለሁ። ከወደድሁት ሰኞ ማስተማር ትጀምራለህ።»

«አይ ጋሼ፣ ቦታው ለእርስዎ አይመጥንም። አቧራ ነው፣ ጩኸት ነው።»

«እኔ በረት ውስጥ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የማይመጥነኝ ቦታ የለም።»

ጋሽ ሙነወር ከውስጥ ይህን ሰምተው ወጡ። ከሃይደር አንገት ላይ ያለውን ክር በጣታቸው ነካ አደረጉና «ለትምህርት ከሆነ እኔው ራሴ አወልቅልሃለሁ፤ አላህ ያሳካልህ» ብለው መረቁት። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቀው ቃል ነበር። አሁን «እንግሊዝኛ አላውቅም» ቢል አጎቱንም፣ ሸሪፋንም፣ ሾላንም በሙሉ ሲዋሽ እንደኖረ ይታወቅበታል። ዝም ቢል ደግሞ እሑድ ይመጣል።

አንድ ተስፋ ነበረው። እሑድ በማለዳ ካሴቱን ሦስት አራት ጊዜ አይቶ፣ ከአንድ ተማሪ የተዋሰውን መዝገበ ቃላት ይዞ፣ የቻለውን ያህል እውነቱን ሊያጠና። ለዚህም በአሥራ ሁለት ሰዓት ከገብረዋሕድ ደጃፍ ደረሰ። ካሴቱ ግን አልመጣም። አንድ ካሴት በሦስት ቪዲዮ ቤት መካከል ይዞር ነበርና ኮተቤ ያሉት አልለቀቁትም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ለስምንት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ገብረዋሕድ ከታክሲ ላይ ዘሎ ወረደ።

«ገና ትኩስ ነው!» አለ ካሴቱን እንደ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ። «አሁን ከዴክ አውጥተው ነው የሰጡኝ። ምን እንደሆነ ብነግርህ አታምንም።»

«ምንድን ነው?»

«ወንፊት ፓርት ቱ።»

«ወንፊት ሞቷል እኮ! እኔ ራሴ ቀብሬዋለሁ!» አለ ሃይደር።

«ተነሥቷል፤ ግባ» አለና ገፍቶ አስገባው። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሰማን።

አቶ ዓለምሰገድ ካፖርታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሸሪፋ። ተሸካሚው ኤርሳዶ፣ ረጅም ስለሆነ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የኋላው ሰው ስለሚጮህበት፣ እንደ ልማዱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃይደር ዱላውን ጨበጠ።

ፊልሙ በመቃብር ጀመረ። አፈሩ ተነቃነቀና ወንፊት ብቅ አለ። የመጀመሪያው ወንፊት መለሎ ነበር፤ ይህኛው አጭር፣ ቦርጫም ሆኖ ወጣ። ሸሚዙ ላይ አፈር የለም፤ የካውያው መስመር ሳይቀር ይታያል።

«ቲቸር፣ እዚያ ታች ምን እያበሉት ነው እንዲህ የወፈረው?» አለ ኤርሳዶ።

ሃይደር አቶ ዓለምሰገድን በዓይኑ ጠርዝ አየና ድምፁን አከበረ። «ይህ ውፍረት አይደለም። ሐዘን ያበጠው ነው።»

«ያጠረውስ?» አለች ሸሪፋ።

ሳቅ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፊልም ብሎ መጥራት ይከብዳል። ሊንዳ በፀሐይ መሮጥ ትጀምርና ጥግ ስትታጠፍ ይመሽባታል፤ ሌላ ጥግ ስትታጠፍ ይነጋላታል። ደሙ የጣሳ ሳልሳ መሆኑን ለመናገር ባለሙያ አላስፈለገም፤ አንደኛዋ ሟች ጉንጭ ላይ የቲማቲም ልጣጭ ተለጥፎ ነበር። የሞተችው ሴት አፍንጫዋን አከከች። ወንፊት ማጭዱን ሲያነሣ ማጭዱ እንደ ጎማ ተለመጠ፤ በግራ እጁ አቃንቶ እንደገና አነሣው። ሊንዳ «ኧረ ቶሎ በል!» የምትል ትመስል ነበር፤ ቆማ ትጠብቀዋለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያ ስቀን አናውቅም። ያን ሳቅ ዛሬም ሳስበው አንድ ነገር ይገባኛል። እኛ የዚያ ዘመን ሰዎች በርን የሚያንኳኳ ሰው የሚያስደነግጠን ሰዎች ነበርን፤ ደም ሲባል ቀልድ አይደለም የምናስታውሰው። በደንብ የተሠራው ወንፊት ያንኑ ፍርሃታችንን መልሶ ሰጠን። የተበላሸው ግን ገዳዩ ቦርጫም፣ ማጭዱ ጎማ፣ ደሙ ሳልሳ መሆኑን እያሳየ አሳቀን። ሠሪዎቹ ሊያስፈሩን እየጣሩ ነው፤ ልብሳቸው ከኋላ ተቀዶ ሳያውቁት እንደሚንጎራደዱ ሰዎች ነበሩ። ማን ይጠላቸዋል?

ሃይደር ግን አልሳቀም። መጽሐፋዊ በሆነ አማርኛ «ወዮ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ትላለች» እያለ ይቀጥላል፤ እሱ ባከበረው ቁጥር ቤቱ ይፈርሳል። ከሥዕሉ ላይኛ ጫፍ አንድ ጥቁር ጸጉራም ነገር በእንጨት ተንጠልጥሎ ወረደ፤ የፊልሙ ሰዎች ድምፅ መቅጃ ነበር።

«ያቺ ምንድን ናት?» አሉ ከኋላ።

«ንቡ ናት» አለ ሃይደር ላቡን እየጠረገ። «ጌታዋን እየፈለገች ነው።»

አቶ ዓለምሰገድ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሃይደር ደነገጠ። ወዲያው ደግሞ ሊንዳ መስተዋት ፊት ቆመች፤ መስተዋቱ ውስጥ ከኋላዋ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ካሜራ ተሸክሞ ቆሟል።

«ይሄስ ማነው?»

«እ... የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነው» አለ ሃይደር፤ ሌላ አልመጣለትም።

በቀጣዩ ሥዕል ሰርግ ሆነ! ነጭ ቬሎ፣ አበባ፣ ኬክ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «አወቀ! ቲቸር ቀድሞ አወቀ!» አለ ኤርሳዶ። ሃይደር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ፤ ዱላውን ከፍ አድርጎ «ሊንዳ ልታገባ ነው» አለ። ሙሽራው ዘወር አለ። ፊቱ ላይ መረብ አለ። ወንፊት ነው። ሊንዳ መረቡን ገለጥ አድርጋ ሳመችው።

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ።

«ወንድሟ አይደል እንዴ?» አለች ሸሪፋ በቀስታ።

ሰው በማጭድ ሲታጨድ የሳቀው ሕዝብ ሁሉ አሁን ደነገጠ። «የእናቱን ልጅ!» «ኧረ በስመ አብ!» «ሰባት ቤት እንቆጥራለን ስንል እነዚህ አንድ ቤት እንኳ አልቆጠሩም!» ከኋላ አንዲት ሴት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች።

«ሕልም ነው» አለ ሃይደር ቶሎ ብሎ። «ወንፊት የሚያየው ሕልም ነው።»

«ታዲያ በሰው ሕልም ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው ኬክ የሚበላው ምን ሆኖ ነው?» አለ ኤርሳዶ።

«ቆይ፣ ቆይ... አሁን ትናገራለች... አዎ። የሥጋ ወንድሟ አይደለም፤ የጡት ወንድሟ ነው። እናቷ አጥብታ ያሳደገችው።»

ሸሪፋ ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ ሃይደር! የጡት ወንድም ይፈቀዳል ያለህ የትኛው ሼኽ ነው? ስሙን ጥራልኝና ነገ ከሚሴ ድረስ ሄጄ ልጠይቀው! አንድ ጡት የጠባ ያው የእናት ልጅ ነው፤ ሐራም ነው!»

«በእኛም አይፈቀድም» አሉ ክርስቲያኖቹ። ሁለቱም ሃይማኖት ወንፊትን በመቃወም አንድ ሆነ።

በዚህ መካከል ሰርገኞቹ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ ሥዕሉም ወረቀቱን አጉልቶ አሳየ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም፣ ቀን፣ ማኅተም። «ይኸው ተጽፏል፤ ይነበብ!» ተባለ። ሃይደር ዱላውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩን አላቀቀ፣ ገጠመ። ሸሪፋ ጎንበስ ብላ የአቶ ዓለምሰገድን ትከሻ ነካች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዓይንዎ ቅርብ ነው። እስቲ ምን ይላል?»

አቶ ዓለምሰገድ ወረቀቱን አዩ፤ ሃይደርን አዩ። «ተርጓሚው ባለበት እኔ ምን ቤት ነኝ» አሉ።

ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሃይደር እጁን ሰዶ ዴኩን አቆመው። ሊንዳና ወንፊት እስክሪብቶ እንደጨበጡ ቀሩ።

«እንግሊዝኛ አላውቅም» አለ።

ዱላውን ዝቅ አደረገና ቀጠለ።

«ዋሽቻችኋለሁ። ወንድሟም አይደለም። ምኗ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ የነገርኋችሁን ሁሉ ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

ሸሪፋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እናውቃለን» አለች። «በል አጫውተው።»

«ምን?»

«እናውቃለን አልኩህ። ፈረንጅ እንደኔ ሲሳደብ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ የምመጣው ራሴን ልሰማ ነው። መብራት ሳይሄድብን ቀጥል።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ፖሊሱ የኛን ሊቀ መንበር ሲሆን ነው የነቃነው!» አለ አንዱ። «እኔማ ከመጀመሪያው!» አለ ሌላው። ሃይደር ግን አልሳቀም። የሸሸገው ነገር ሁሉ ለካ በአደባባይ እንደ እህል ተሰጥቶ ኖሯል። ዱላውን አስቀምጦ በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተጋፋ ወደ በሩ ሄደና መታው።

«ገብረዋሕድ! ክፈትልኝ!»

«አልቋል?»

«አላለቀም። ልውጣ።»

«ሕጉን ታውቃለህ» አለ ገብረዋሕድ ከውጭ። «ዛሬ ላንተ ብከፍት ነገ ለማን እዘጋለሁ?»

ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ተመለሰ፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረም። ዱላውን አነሣ፣ ዴኩን ነካ። ያን ቀን የተናገረውን እንደገና መናገር አይቻልም። ጋብቻውን ለማፍረስ ሽማግሌ አስቀመጠ፤ ኤርሳዶን የወንፊት ወገን፣ ሸሪፋን የሊንዳ ወገን አድርጎ አከራከረ፤ ከላይ የምትወርደውን ንብ ምስክር ጠራት። አቶ ዓለምሰገድ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለውጦ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አወለቁ። በሩ ሲከፈት ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ ሆዱን ይዞ ወጣ።

አቶ ዓለምሰገድ ደጃፍ ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ከዋሸኸው ይልቅ የተናዘዝከው ይበልጥብኛል። ነገር ግን የማታውቀውን ልታስተምር አትችልም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጥ። አንድ ቀን አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በሰው ፊት ከተረጎምህልኝ በማግሥቱ የጀማሪዎቹን ክፍል እሰጥሃለሁ። ቃሌ ነው።» ጥቂት ራመድ ብለው ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን በሚቀጥለው እሑድ ይደግሙታል?»

ተደገመ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ገብረዋሕድ ካሴቱን ለራሱ አስቀረው። ከመገናኛ፣ ከገርጂ፣ ከላምበረት ሰው እየመጣ በበሩ ላይ ተጋፋ። ሟቿ አፍንጫዋን ልታክ ስትል ቤቱ በሙሉ አፍንጫውን ያክክላት ጀመር። ማጭዱ ሲለመጥ «አቃናው!» ይባላል። ሃይደር ሌላ ፊልም ልተርጉም ቢል፣ ደህና የተሠራ፣ የሚያሳዝን ታሪክ ቢያመጣ፣ «ወንፊት! ወንፊት!» እያሉ አግዳሚውን ይመቱበታል። በሥራ ቀን የጫማ ገዢ ሳይቀር «ሐራም ነው!» ብሎት ያልፍ ነበር። የሚስቁት በፍቅር ነው፤ ለዚያም ነው መቆጣት ያልቻለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይማር ነበር፤ አጎቱ ለትምህርት ነውና ፈቀዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በጫማ ካርቶን ጀርባ ላይ ግስ ይጽፋል፣ ደንበኛ ሲመጣ ይገለብጠዋል። ቀስ በቀስ ወንፊት የሚናገረው እየገባው መጣ፤ በገባው መጠን ለመዋሸት ምላሱ እየከበደው ሄደ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ «የማላውቅ ጊዜ ነፃ ነበርኩ» ብሎኛል።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ አቶ ዓለምሰገድ ካፖርታቸውን ይዘው እንደገና ከፊት ተቀመጡ። ሃይደር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። በሩ ተቆለፈ።

«ዛሬ በትክክል ነው የምተረጉምላችሁ» አለ። «እንዳለው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

አጨበጨብንለት፤ አዲስ ቀልድ መስሎን ነበር።

ወንፊት ከመቃብሩ ወጣ። «ምንም አላለም» አለ ሃይደር። ሊንዳ ስልክ አነሣች። «መኪናዬ አልነሣ አለኝ፤ መድኃኒት ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው? ትላለች።» ጓደኛዋ መለሰች። «በአሥራ አንድ ይመስለኛል፤ ቆይ፣ አይ፣ በአሥራ ሁለት፣ ትላታለች።» ሃይደር አንዲት ቃል አልሳተም። አቶ ዓለምሰገድ ጭንቅላታቸውን በእርካታ ይነቀንቁ ነበር። ጥቁሯ ነገር ከላይ ስትወርድ ዱላው ሊነሣ ሲል አየነው፤ መልሶ አወረደው። «ድምፅ መቅጃ ናት» አለ።

ማንም አልሳቀም። አግዳሚው መንቋቋት ጀመረ። አውሮፕላን አለፈና ብናኙ ወረደብን።

«ታዲያ የሚገድላቸው ለምንድን ነው?» አለ ኤርሳዶ።

«ፊልሙ አይናገርም።»

«ምንም?»

«ምንም። ሠሪዎቹ ረስተውታል መሰለኝ።»

ሸሪፋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ መሬት መሬት ታያለች። ፊልሙ ተጋምሶ ነበር፤ ሌላ አርባ ደቂቃ ቢታገሥ ኖሮ የሱቁ ቁልፍ ክር ከአንገቱ በወለቀ። ኤርሳዶ ከግድግዳው ሳይላቀቅ፣ ሳይጮህ፣ እንደሚለምን ሰው ተናገረ።

«ቲቸር፣ ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሜ ነው የመጣሁት።»

ሃይደር ዴኩን አቆመው። ወደ በሩ አየ፤ ተቆልፏል። ወደ አቶ ዓለምሰገድ አየ። ሽማግሌው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቷቸው «ተው» ይሉ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አጥብቀው ይዘው ዓይናቸውን ጉልበታቸው ላይ ተከሉ። ለሁለት ዓመት ከነዚያ ልጆች ጋር የተቀመጠው ሰው በቀጭኑ ዱላ ጫማውን አንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

«እሺ» አለ። «ከየት ልጀምር?»

«ከሰርጉ!» አልነው ሁላችንም።